የአገር ደኅንነት ከጎረቤት ደጃፍ ይጀምራል፦ «ለባለሙያ ተዉት» ለሚለው ሐሳብ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአገር ደኅንነትና በድንገተኛ አደጋ ዝግጅት ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የአገር ደኅንነት የሠለጠኑ ተቋማት ሥራ ነው፤ የነዋሪው ድርሻ ተረጋግቶ ትእዛዝ መጠበቅ ነው፤ ነዋሪውን ማዘጋጀት ፍርሃት ይዘራል፣ ለጠላትም መረጃ ይሰጣል፤ ማዕከላዊ መጋዘንና የሞባይል ማስጠንቀቂያ ካሉ ሌላው ትርፍ ነው። በማሳረጊያው ለቤተሰብ የሚሆኑ ጥቂት ምክሮች ተዘርዝረዋል። ከምክሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድሉ ስላሉ ዝም ብሎ ማለፍ አልተቻለም።

ጸሐፊው አንድ ነገር በትክክል አስቀምጠዋል። ያልሠለጠነ ሰው ወደ ፈረሰ ሕንፃ ወይም ወደ ጋዝ ሲሮጥ አንድ የነበረው ተጎጂ ሁለት ይሆናል። ይህን እንቀበላለን። ስህተቱ ከዚህ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አደጋው ሥፍራ የሚገኘው ያ ያልሠለጠነ ሰው ብቻ ነው። ራቅ በል ቢሉት አይርቅም፤ ልጁ ወይም ጎረቤቱ ከፍርስራሹ ሥር ነው። ስለዚህ ያለው አማራጭ ማሠልጠን ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሕዝብ በአደጋ ጊዜ ይሸበራል» ስለሚለው

ጸሐፊው ነዋሪው ሲደናገጥ እርስ በርሱ ይረጋገጣል፣ ይዘርፋል፣ የባለሙያን ሥራ ያውካል ይላሉ። የኮቤ ታሪክ ይህን አያሳይም። በጃፓን ኮቤና አካባቢዋ በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ንጋት ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 35,000 የሚጠጉ ሰዎች ከፍርስራሽ ሥር ነበሩ። ከእነዚህ ወደ 27,000 የሚሆኑትን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ፖሊስና ሠራዊቱ አንድ ላይ ያወጡት ቀሪውን ነው። ተቋማቱ ሰንፈው አይደለም። አንድ የነፍስ አድን ቡድን በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል፤ የውኃ ቧንቧው ስለተሰበረ እሳት ማጥፊያው ደርቋል። ከፍርስራሽ ሥር ያለ ሰው ደግሞ ጊዜ የለውም። በመጀመሪያው ቀን ከወጡት አብዛኞቹ ተርፈዋል፤ በሦስተኛው ቀን ከወጡት የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

ስለዚህ ጎረቤት ያድናል ወይስ አያድንም ብሎ መከራከር ፋይዳ የለውም፤ ያድናል። መጠየቅ ያለበት በምን መሣሪያና በምን ዕውቀት ነው። ለ30 ወይም ለ40 ቤት የሚሆን አንድ የጋራ ሳጥን ውስጥ ሁለት የመኪና ክሪክ፣ ሁለት ረጅም የብረት መፈንቀያ፣ የእንጨትና የብረት መጋዝ፣ አካፋ፣ 20 ሜትር ጠንካራ ገመድ፣ ወፍራም የእጅ ጓንት፣ የራስ ቁር፣ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ብዙ ቁርጥራጭ ጣውላ ይቀመጥ። ጣውላው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ክሪክ ብቻውን ሸክም ሲያነሳ ይንሸራተታል፤ የተነሳው ግንብም ሰውዬው ላይ ተመልሶ ይወድቃል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ባነሱ ቁጥር ከሥሩ ጣውላ በመስቀለኛ እየደረደሩ ክፍተቱን መሙላት ግዴታ ነው። ከማንሳት በፊት ደግሞ አንድ ሰው ሁሉን ዝም ያሰኝ፤ ሞተር ይጥፋ፤ ለአንድ ደቂቃ ጆሮ ይጣል። ጫጫታ ባለበት ቦታ ከሥር የሚያንኳኳ ሰው አይሰማም።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ምሰሶው የተሰነጠቀ፣ ያዘመመ፣ ወይም የጋዝ ሽታ ያለው ሕንፃ ውስጥ የሰፈር ቡድን አይግባ። በሩ ላይ ስንት ሰው እንዳለ በኖራ ይጻፍና ወደሚቀጥለው ይታለፍ። እግሩ ወይም ጭኑ ከአንድ ሰዓት በላይ በከባድ ነገር ተጨፍልቆ የቆየን ሰውም፣ የሕክምና ሰው ሊደርስ የሚችል ከሆነ፣ ሳይጠበቅ ሸክሙን ከላዩ ማንሳት አደገኛ ነው። ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ፖታሲየም ደም ውስጥ በአንዴ ሲገባ ልብን ያቆማል። «እያነጋገረን ነበር፣ ስናወጣው ሞተ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ጎረቤት ሐኪም ይጠራል፣ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ሰውዬውን ያሞቀዋል።

በርግጥ ድንጋጤ የታየበት ጊዜ አለ። በሃዋይ በጃንዋሪ 13 ቀን 2018 ከጠዋቱ 2፡07 ላይ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል መልእክት በስህተት ለነዋሪው ሁሉ ተላከ። ስህተት መሆኑን የሚገልጸው መልእክት በስልኮቹ ላይ የወጣው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነበር። ያን ያህል የዘገየው የማስተባበያ መልእክት አስቀድሞ ተጽፎ ስላልተዘጋጀ ነው። ሰዎቹ የተጨነቁትም «ተጠለሉ» ተብለው የት እንደሆነ ስላላወቁ ነው። ይህ ነዋሪውን ያለማዘጋጀት ውጤት ነው። ማስጠንቀቂያ የሚልክ ማንኛውም ክፍል ለእያንዳንዱ መልእክት ማስተባበያውን አብሮ ያስቀምጥ፤ የመላኪያውን ቁልፍም ሁለት ሰው ሳያረጋግጥ አይጫነው።

«መረጃ ለጠላት ይጠቅማል» ስለሚለው

ይህ የጽሑፉ ዋና ምሰሶ ስለሆነ ረጋ ብለን እንመልከተው። ጸሐፊው አደገኛ ነገሮች የት እንዳሉና ቢፈነዱ ምን እንደሚከተል ለነዋሪ መንገር ለአጥፊ ካርታ መስጠት ነው ይላሉ።

በቤሩት ወደብ መጋዘን ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ሊፈነዳ የሚችል ኬሚካል ለዓመታት ተከማችቶ ነበር። ኦገስት 4 ቀን 2020 መጋዘኑ ሲጨስ የተጠራው የእሳት አደጋ ቡድን በውስጡ ምን እንዳለ አልተነገረውም ነበር። አሥሩም አለቁ፤ በፍንዳታው በጠቅላላው ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ምስጢሩ ያን ቀን አጥፊን አላገደም፤ የገደለው አዳኞቹን ነው። በሕንድ ቦፓል ከተማ በዲሴምበር 1984 ወደ 40 ቶን የሚጠጋ መርዛማ ጋዝ ከፀረ ተባይ ፋብሪካ ሌሊቱን ሲያመልጥ ነዋሪው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ጋዙ ከውኃ ጋር የሚዋሐድ ስለነበር ርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫ ላይ መያዝ ጉዳቱን ይቀንስ ነበር። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አልነገራቸውም። ሰዎቹ ሮጡ፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ በጥልቀት ይተነፍሳል። በዩክሬን ፕሪፕያት ከተማም በ1986 አጠገቧ ያለው የቼርኖቢል የኒውክሌር ማብላያ ከፈነዳ በኋላ 49,000 ያህሉ ነዋሪ የወጣው ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ በመሐል ልጆች ውጭ ይጫወቱ ነበር።

ምስጢር የሚያስፈልገው ነገር የለም አንልም። የጥበቃ ፈረቃ፣ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት የይለፍ ቃል፣ የቁልፍ አያያዝ፣ የክምችት ማጓጓዣ ሰዓት ይደበቁ። ነዋሪው ሊያውቀው የሚገባው ሌላ ነው፤ የአደጋው ዓይነት፣ የሚደርስበት ርቀት፣ ሽታውና ቀለሙ፣ የሲረኑ ድምፅ፣ የሚወሰደው እርምጃ፣ ወዴት እንደሚኬድ። አጥፊ ከዚህ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ ፋብሪካው ከመንገድ ይታያል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1976 ጣሊያን ሴቬሶ ላይ ከደረሰው የዳዮክሲን መርዝ ብክለት በኋላ በአደገኛ ፋብሪካ ዙሪያ ያለ ነዋሪ መረጃውን እንዲያገኝ በሕግ ያስገደደችው ይህን መዝና ነው።

«ማዕከላዊ ክምችት ይበቃል» ስለሚለው

እዚህ ላይ ሒሳቡን መሥራት ይቀላል። 50,000 ሰው የሚኖርበት አካባቢ ውኃ ተቋረጠበት እንበል። በሰብአዊ እርዳታ የሚሠራበት ዝቅተኛ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ነው፤ ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለንጽሕና። ይህ በቀን 750,000 ሊትር ይሆናል፤ 10,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 75 ምልልስ። በሕይወት ለመቆየት ብቻ 3 ሊትር ብንል እንኳ 15 ምልልስ ነው። ቦቴው ነዳጅ፣ ክፍት መንገድ፣ ሾፌርና የሚቀዳበት ምንጭ ይፈልጋል፤ ውኃው የተቋረጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መብራትና መንገድ በተቋረጠበት በዚያው አደጋ ነው። መጋዘኑ ሙሉ ቢሆንም የመጨረሻውን ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያሻግር ከሌለ ባዶ ነው። ቤተሰቡ የሦስት ቀን ውኃ ካለው ግን ማዕከሉ ሦስት ቀን አገኘ ማለት ነው። መኪኖቹ ሆስፒታልንና ምንም የሌላቸውን ያስቀድማሉ። የቤት ክምችትና የማዕከል ክምችት የሚደጋገፉ ናቸው፤ ጸሐፊው ለምን እንዳጋጯቸው አልገባንም።

ጽሑፉ ለአንድ ቤተሰብ 10 ሊትር ውኃ በቂ ነው ይላል። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን 2 ሊትር ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ለመጠጥና ለጥቂት ማብሰያ በቀን 4 ሊትር ተይዞ ለአምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር ያስፈልጋል፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ጀሪካኑ ከዚህ በፊት ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ፀረ ተባይ ያልያዘ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ግድግዳ የመጠጠውን ኬሚካል ምንም ያህል ቢያጥቡት መልሶ ይተፋል። የተሞላበት ቀን ይጻፍበት፤ ከፀሐይ ይራቅ፤ በየስድስት ወሩ ይቀየር። አፈ ጠባብ ይሁን፤ በኩባያ የሚጨለፍበት ዕቃ ከሆነ የታከመ ውኃ በእጅ ተመልሶ ይበከላል። ተቅማጥ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ ከምንጩ ሳይሆን ከዚያች ኩባያ ነው።

ውኃን ስለማከም ጽሑፉ «በረኪና ጨምሮ መጠጣት» ብሎ ብቻ አልፏል፤ መጠን የለም። መጠን የሌለው ምክር ወይ አያክምም ወይ ይመርዛል። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ ይስከን፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ሽታ ማሳመሪያም ሆነ ሌላ ሳሙና ያልተቀላቀለበት፣ መጠኑ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ ይግባበት፤ ውኃው ከተጠለለም በኋላ ደብዘዝ ያለ ወይም በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ 4 ጠብታ። ይነቃነቅና 30 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ሊሸት ይገባል፤ ካልሸተተ ያው መጠን ይደገምና 15 ደቂቃ ይጠበቅ። አሁንም ካልሸተተ ያ ውኃ አይጠጣ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው መለያው ላይ ያለውን መቶኛ አለማንበብ ነው፤ ገበያ ላይ ቀጭኑም ወፍራሙም አለ። ሁለተኛው አሮጌ በረኪና ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ያዳክሙታል፤ ከዓመት በላይ የቆየውን አይመኑ። ማፍላት የሚቻል ከሆነ ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም እዚያ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውኃ ክሎሪንም ማፍላትም አያነጹትም፤ እንዲያውም ሲፈላ ውኃው እየተነነ አንዳንዱ መርዝ ይጠነክራል።

ተቅማጥ ከገባም የተዘጋጀ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር እስኪገኝ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ሁለቱም ማንኪያው አፍ ላይ የተስተካከሉ እንጂ የተቆለሉ አይደሉም። ጨው ሲበዛ ሕፃንን ይጎዳል። ጊዜያዊ መጸዳጃ ሲቆፈር ከውኃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድሩ ውኃ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል።

መድኃኒት ማዕከላዊ መጋዘን ከቶ የማይፈታው ጉዳይ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ፣ በኦክስጅን መሣሪያ የሚተነፍስ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው የት ቤት እንዳለ መጋዘኑ አያውቅም፤ ጎረቤቱ ያውቃል።

«የሞባይል ማስጠንቀቂያ ካለ ሌላው ትርፍ ነው» ስለሚለው

ጸሐፊው «የሞባይል መልእክት» ሲሉ የትኛውን እንደሆነ አልለዩም። አጭር የጽሑፍ መልእክት ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ በአንድ ይላካል፤ ኔትወርክ ሲጨናነቅ በሰዓታት ይዘገያል። ሴል ብሮድካስት የሚባለው ደግሞ ማማው በሚሸፍነው ክልል ላሉ ስልኮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰራጫል፤ ቁጥር አይፈልግም፣ መጨናነቅም አያግደውም። ሁለተኛው በእጅጉ ይሻላል። ሁለቱም ግን ማማው መብራት እስካለው ድረስ ናቸው፤ የመጠባበቂያ ባትሪው የሚቆየው ለሰዓታት ነው። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል በአንዴ መብራት ሲያጡ ስልኩ እየደከመ ሄደ፤ ሰው ወሬ የሰማው በባትሪ ከሚሠራ ሬዲዮ ነበር።

ከቴክኖሎጂው ይልቅ ሰው የሚገድለው የውሳኔ መዘግየት ነው። በስፔን ቫሌንሲያ ኦክቶበር 29 ቀን 2024 የአየር ትንበያው ተቋም ከፍተኛውን ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ማለዳ ነበር፤ በነዋሪው ስልክ ላይ የጮኸው ግን ከምሽቱ 2፡11 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ብዙ ጎዳና በጎርፍ ተሞልቶ ነበር። ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን የመሰለውን ነው። ትእዛዝ ብቻ እንዲጠብቅ የተነገረው ነዋሪ፣ ትእዛዙ ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል።

በኢንዶኔዥያ የሲሞሉዌ ደሴት ሰዎችን እናነጻጽር። በ1907 ከደረሰባቸው ሱናሚ ወዲህ «መሬት ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ከሸሸ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ» የሚለውን ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ደሴቷ ለመንቀጥቀጡ መነሻ እጅግ ቅርብ ነበረች፤ ስልክም ሲረንም አልደረሳቸውም። ከ70,000 በላይ ከሆነው ነዋሪ የሞቱት ሰባት ብቻ ናቸው። ባንግላዴሽም ኖቬምበር 1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ካጣች በኋላ በ1972 የበጎ ፈቃደኞች የማስጠንቀቂያ መርሐ ግብር አቋቋመች። ዛሬ በጎ ፈቃደኞቹ ከ70,000 በላይ ናቸው፤ ግማሾቹ ሴቶች። መልእክቱ በሬዲዮ ይደርሳቸዋል፤ እነሱ በባንዲራ፣ በእጅ ሲረንና በድምፅ ማጉያ ቤት ለቤት ያደርሳሉ። ሴቶቹ የተጨመሩት በምክንያት ነው። ወንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻ ሲመጣ ብዙ ሴቶች ከቤት አይወጡም ነበር። በሜይ 2020 አምፋን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አስቀድሞ ወጥቷል፤ የሟቾቹም ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር ነበር።

የመልእክቱ አጻጻፍም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «የጎርፍ ስጋት ስላለ ኅብረተሰቡ ጥንቃቄ ያድርግ» የሚል መልእክት ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። አምስት ነገር ይኑረው፤ ማን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚመጣ፣ የትኛው ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይደረግ። ለምሳሌ፦ «ከአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት፦ ወንዙ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ከድልድዩ በታች ያሉትን ቤቶች ያጥለቀልቃል። ከድልድዩ በታች ያላችሁ አሁኑኑ በእግር ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ውጡ። በመኪና አትሂዱ። ቀጣዩ መልእክት በ12፡30።» «በመኪና አትሂዱ» የተባለው አለምክንያት አይደለም፤ የሚፈስ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቆሞ የሚሄድን ሰው ይጥላል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ይወስዳል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርም ትልቅ ሥራ አላት። ቀጣዩ መልእክት መቼ እንደሚመጣ ያወቀ ሰው አሉባልታ አያሳድድም።

መልእክት ደረሰ ማለትም ሰው ወጣ ማለት አይደለም። በጀርመን ሲንሲሽ ከተማ በጁላይ 2021ዱ ጎርፍ ሌሊት በአንድ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ምድር ቤት ላይ 12 ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ያን ሌሊት እነሱን ወደ ላይኛው ፎቅ ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ያላቸው ጥቂት ጎረቤቶችና ግማሽ ሰዓት ነበር። ለየአሥሩ ቤት አንድ ተጠሪና አንድ ምትክ ይኑር። ብቻውን መውጣት የማይችል ሰው ስም፣ የተኛበት ክፍልና የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች በወረቀት ይጻፉ፤ ስልክ ውስጥ የተቀመጠ ዝርዝር ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል።

ስለ ቤተሰብ ምክሮቹ

ጄነሬተር «ዝናብ እንዳይመታው ኮሪደር ላይ፣ በር ከፍቶ» ማስነሳት ይቻላል የሚለው ምክር ፈጽሞ መታረም አለበት። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን በ200 እጥፍ በላይ ነው፤ ሰውን በእንቅልፉ ይወስዳል። ክፍት በር አያድንም። በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በብርድ መብራት ሲጠፋ ከ1,000 በላይ ሰዎች በዚህ ጋዝ ታመው ወደ ሕክምና ሄደዋል፤ ምክንያቱ ቤት ውስጥ ወይም ቤት አጠገብ የተነሳ ጄነሬተር፣ ከሰልና መኪና ነበር። ጄነሬተር ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፤ ጭስ ማውጫው ከመስኮት ይዙር። በቤቱ የግድግዳ ሶኬት መልሶ ማገናኘትም መስመሩ ላይ የሚሠራን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይገድላል።

«አደገኛ ጋዝ ሲሸት ወደ ምድር ቤት መውረድ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳል፣ እዚያም ይጠራቀማል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጣ፤ መስኮትና በር ይዝጋ፤ አየር ማስገቢያውን ያጥፋ፤ ክፍተቱን በርጥብ ጨርቅ ይድፈን። ውጭ ያለ ሰው ነፋሱን አቋርጦ ወደ ጎንና ወደ ከፍታ ይሂድ። ጸሐፊው ምክሩን የወሰዱት ከኒውክሌር ፍንዳታ በኋላ ስለሚወርድ ጨረር አዘል አቧራ ከተጻፈ መመሪያ ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ምድር ቤት ወይም የሕንፃው እምብርት ትክክለኛው ቦታ ነው። ከግድግዳና ከጣሪያ መራቅ ጨረሩን ይቀንሳል፤ ጊዜም ይረዳል። ከፍንዳታው በኋላ ሰዓቱ በሰባት እጥፍ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል፤ በመጀመሪያው ሰዓት የነበረው ከ7 ሰዓት በኋላ አንድ አሥረኛ፣ ከ49 ሰዓት በኋላ አንድ መቶኛ። የመጀመሪያውን ቀን ሳይወጡ መቆየት ትልቁን አደጋ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። በጎርፍ ጊዜ ደግሞ ያው ምድር ቤት መቃብር ይሆናል። «ተጠለሉ» የሚለው አንድ ቃል ለሦስት አደጋ ሦስት የተለያየ ቦታ ነው፤ ነዋሪው ልዩነቱን ማወቅ ያለበት አደጋው ሳይመጣ ነው።

«የጨረር መከላከያ ክኒን» የተባለው ፖታሲየም አዮዳይድ የሚከላከለው አንድ ዕጢን ከአንድ ንጥረ ነገር ብቻ ነው፤ ታይሮይድን ከጨረር አመንጪ አዮዲን። ሌላውን ጨረር አያግድም። መጠኑ ለአዋቂ 130 ሚሊ ግራም፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 65፣ ከአንድ ወር እስከ 3 ዓመት 32፣ ለአራስ 16 ነው። የሚጠቅመው ብክለቱ ከመድረሱ ጥቂት ሰዓታት አስቀድሞ ወይም እንደደረሰ ወዲያው ሲወሰድ ነው። አስቀድመው የሚያገኙት ሕፃናት፣ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ናቸው፤ ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ጥቅሙ አነስተኛ ነው። የጤና ባለሥልጣን ሳያዝ መዋጥ አይገባም።

«የሰፈር ቡድን ታጣቂ ይሆናል» ስለሚለው

ስጋቱ መሠረት አለው፤ መልሱ ግን ግልጽ ወሰን ነው። ቡድኑ መሣሪያ አይዝም፣ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ቤት አይፈትሽም፣ «አጠራጣሪ ሰው» እያለ ጎረቤቱን አይከታተልም። የሕሙማን ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ በሁለት ሰው እጅ ይቀመጥ። በደኅንነት በኩል የሚጠበቅበት አጠራጣሪ ዕቃን ማወቅና ሰውን ማራቅ ነው። ባለቤት የሌለው፣ የተደበቀ፣ ለቦታው እንግዳ የሆነ ዕቃ አይነካ፤ አጠገቡ ስልክም ሬዲዮም አይደወል። ርቀቱ ለቦርሳ ያህል 100 ሜትር፣ ለትንሽ መኪና 200፣ ለጭነት መኪና 400 ይሁን፤ ከመስታወት ይራቅ፤ ሁሉም በአንድ ቦታ አይሰብሰብ፣ ሁለተኛው ፈንጂ ብዙ ጊዜ የሚጠመደው ሰው ይሸሻል ተብሎ በሚታሰብበት ነው።

ፍንዳታ ከደረሰም በደቂቃዎች የሚገድለው የደም መፍሰስ ነው። ከእጅ ወይም ከእግር እየፈነጠቀ የሚፈስ ደም ቁስሉ ላይ በኃይል በመጫን ካልቆመ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ማሰሪያ ይታሰር፤ መገጣጠሚያ ላይ ግን አይሁን። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ደም አያቆምም። ዱላ ገብቶበት ደሙ እስኪቆም ይጠምዘዝ። በጣም ያማል፤ ስለሚያም ላላ ተደርጎ የታሰረ ማሰሪያ ግን የደሙን መፍሰስ ያባብሰዋል። ሰዓቱ ይጻፍበት፤ ሐኪም ሳይደርስ አይፈታ።

«በዓመት አንድ ልምምድ በቂ ነው» ስለሚለው

ቁጥሩ ላይ አንከራከርም። ቀኑ የታወቀ፣ ኃላፊው የሚመራው፣ ስልክ የሚሠራበት፣ ፀሐይ የወጣበት ልምምድ አሥር ጊዜ ቢደገም የሚያስተምረው ትንሽ ነው። ኃላፊው «ተጎድቷል» ተብሎ ይውጣ፤ ስልክ ይዘጋ፤ አንዱ መንገድ በገመድ ይታጠር፤ አንዴ በሌሊት ይደረግ። የሚመዘገቡት ሰዓቶች ሦስት ናቸው፤ ማስጠንቀቂያው የተሰማበት፣ የመጀመሪያው ሰው የተነሳበት፣ የመጨረሻው ሰው የደረሰበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ይረዝማል።

ማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን ካማይሺ ከተማ ወደ 3,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከሱናሚው ተርፈዋል። ትልልቆቹ ትንንሾቹን እየያዙ ሮጡ፤ የደረሱበት ቦታ አያስተማምንም ብለው ወደ ላቀ ከፍታ ቀጠሉ። እንዲህ እንዲያስቡ ለዓመታት ሠልጥነው ነበር። በዚያው ቀን በኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከ108 ተማሪዎች 74ቱ፣ ከመምህራንና ሠራተኞች አሥሩ ሞቱ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበር። ልጆቹ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ግቢው ውስጥ ቆመው ጠበቁ፤ መምህራኑ የት እንሂድ እያሉ ይመክሩ ነበር። የትምህርት ቤቱ የአደጋ መመሪያ በሱናሚ ጊዜ ወደ «ክፍት ቦታ ወይም መናፈሻ» ሽሹ ይላል፤ የቦታው ስም ግን አልተጻፈም ነበር።

የየሰፈሩ ዕቅድ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቦታው በስሙ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው ካልሆነ ሁለተኛው ቦታ ይጻፍ፤ ወደ እያንዳንዱ ሁለት መንገድ ይኑር፤ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ፣ እሱ ከሌለ ማን እንደሚይዝ፣ ሁለቱም ከሌሉ በሩ በምን እንደሚሰበር ይጻፍ። ለመውጣት ማንም ፈቃድ መጠየቅ እንደማያስፈልገው ደግሞ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይስፈር።